ከውስጥ የሚከፈት በር

ደዶ ወረዳ ከጅማ ከተማ በስተደቡብ ነው። የወረዳው ከተማ ሸኪ ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች የጽሑፉ ፈጠራ ናቸው፤ አንዱ ሸኪ ላይ ቡና የሚሰበስቡ ሀጂ ናቸው፣ ሌላዋ ጅማ ውስጥ በኔትወርክ ሥራ የምትተዳደር የእህታቸው ልጅ። ጥያቄያቸው ግን ፈጠራ አይደለም። ሥራው አንድ ቦታ፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ የሆነበት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

ሀጂ፦ ቁጭ በይ ልጄ፣ ቡናው እስኪፈላ ጉዳዩን ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ሦስት ኮምፒዩተር አለ። አንዱ መጋዘኑ ቢሮ ያለው ነው፤ ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ተጭኖበታል፣ ሒሳቡ ሁሉ እዚያ ነው። ሁለተኛው ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የገዛንላት ነበር፣ አሁን ውልና ደብዳቤ ይጻፍበታል። ሦስተኛው አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ የሚነካው የለም። የጥበቃ ካሜራውን ቀረጻ የሚይዘውን ሳጥን ከቆጠርሽው አራት በይው። እኔ ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት እግሬ አያርፍም፤ ዛሬ ጅማ፣ ነገ አዲስ አበባ። ቡና ላኪው ፊት ተቀምጬ "መጋዘንህ ውስጥ ስንት ኩንታል ጀንፈል አለ?" ስባል ቤት ደውዬ ነው የምመልሰው። ያለሁበት ሆኜ ሁሉንም መክፈት እፈልጋለሁ። ይቻላል፣ አይቻልም?

ባለሙያዋ፦ ይቻላል። እስከ አሁን እንዴት ነበር የምታደርጉት?

ሀጂ፦ የሒሳብ ሠራተኛው ጅማ ነው የሚኖረው። ሥራ ሲኖረው ይደውልና "ኤኒዴስክ ክፈቱልኝ" ይላል። ትንሹ ልጅ ይከፍታል፣ ቁጥሩን ያነብለታል፣ "አክሴፕት በለው" ይባላል። ልጁ ትምህርት ቤት የሄደ ቀን ሥራው ቆመ ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ ኤኒዴስክም ሆነ ቲምቪወር ዋናው ሙያቸው እርዳታ ነው። ችግር ሲገጥም አንድ ሰው ከዚያ ማዶ ሆኖ ስክሪኑን አይቶ ያስተካክላል። የይለፍ ቃል አስቀምጦ ሰው በሌለበትም መግባት ይቻላል፣ ግን በየኮምፒዩተሩ ለየብቻ ማስተካከል አለብን። የካሜራው ሳጥን ላይ ደግሞ ጭራሽ አይጫንም። ነፃው አገልግሎትም ለግል ጥቅም እንጂ ለንግድ የተፈቀደ አይደለም፤ ንግድ መስሎ ከታያቸው ያቋርጡታል። በዚያ ላይ በጥር 2016 ዓ.ም. የኤኒዴስክ ኩባንያ የራሱ ሰርቨሮች ተሰብረው እንደተገባባቸው ይፋ አድርጎ፣ ደንበኞቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዲቀይሩ መክሯል።

ሀጂ፦ እንግዲያው መሐል ላይ ድርጅት ለምን እናስገባለን? ቤቴ ኢንተርኔት አለው። ኢንተርኔት ካለው አድራሻ አለው። ከአዲስ አበባ አድራሻውን ጽፌ ቀጥ ብዬ ብገባስ?

ባለሙያዋ፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናቀፈው። አድራሻው የቤቱ እንጂ የኮምፒዩተሮቹ አይደለም። ቤትዎን አንድ የውጭ በር ብቻ እንዳለው ትልቅ ግቢ ያስቡት፤ ራውተሩ በረኛው ነው። ከውስጥ የወጣ ሰው ሲመለስ በረኛው ያውቀዋል፣ ያስገባዋል። ከውጭ መጥቶ "መጋዘኑ ያለውን ኮምፒዩተር ጥሩልኝ" የሚለውን ግን አያውቀውም፤ ግቢው ውስጥ አራት አሉ፣ የትኛውን ይጥራ?

ሀጂ፦ ለምን ለእያንዳንዱ የራሱ አድራሻ አልተሰጠውም?

ባለሙያዋ፦ አልበቃም። የድሮው የአይ ፒ አድራሻ የተሠራው በ32 ቢት ነው፤ ከዜሮ እስከ መጨረሻ ቢቆጠር 4,294,967,296 ብቻ ነው። ያኔ ሲታሰብ የማያልቅ ይመስል ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ይዞ ይህ ለዓለም ሕዝብ የት ይደርሳል? ስለዚህ በ1986 ዓ.ም. የተወሰኑ ቁጥሮች ለቤትና ለቢሮ ውስጥ ብቻ ተለይተው ተቀመጡ። ራውተርዎ ላይ 192.168 ብሎ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያው ቁጥር እዚህም አለ፣ ጎረቤትም አለ፣ አጋሮ ከተማም አለ። ውጭ ወጥቶ ግን ዋጋ የለውም። 128 ቢት ያለው አዲሱ አድራሻ በየቤቱ ሲዳረስ ይህ ጣጣ ይቀላል፤ እስከዚያው ባለን እንሠራለን።

ሀጂ፦ በረኛውን ማዘዝ አይቻልም? "እንዲህ ብሎ የመጣ ሰው ወደ መጋዘኑ ይሂድ" ብለሽ?

ባለሙያዋ፦ ይቻላል፣ ፖርት መክፈት ይባላል። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሠራበት ፖርት 3389 ነው። "በ3389 የመጣውን ወደ መጋዘኑ፣ በ3390 የመጣውን ወደ ሁለተኛው ላከው" ብሎ ራውተሩ ላይ መጻፍ ነው። ግን እንዲህ የሚደረገው አድራሻው በእውነት የእርስዎ ሲሆን ነው። እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ። ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ተገናኝቷል አይደል? ይህ የራውተሩ ገጽ ነው። "ዋን" የሚለው መስመር ላይ ምን ይላል?

ሀጂ፦ 100... 100.72 ምናምን።

ባለሙያዋ፦ አሁን ደግሞ "አድራሻዬ ስንት ነው?" ብሎ የሚመልስ ድረ ገጽ ልክፈትልዎ። ይኸው፤ ፈጽሞ ሌላ ቁጥር ነው። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ አድራሻው የቤትዎ ነበር። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው በ2004 ዓ.ም. ለአገልግሎት ሰጪዎች የተለየ ነው፤ እነሱ ራሳቸው ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ የሚያወጡበት። ከእርስዎ በረኛ ውጭ ሌላ በረኛ አለ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ የስንት ቤት ሰው ይጠብቃል። የእርስዎን በረኛ ማዘዝ እንችላለን። ያኛውን ማን ያዝዘዋል? በተለይ በሞባይል ሲም የሚሠራ ራውተር ባለበት ቤት ይህ የተለመደ ነው። ቋሚ የውጭ አድራሻ በክፍያ ሊጠየቅ ይችላል፣ ግን ቢገኝም ፖርት ክፍት አድርገው እንዲተዉት አልመክርዎትም።

ሀጂ፦ ምን ይሆናል? ሸኪ ያለ የቡና ነጋዴን ማን ብሎ ይፈልገዋል?

ባለሙያዋ፦ ስምዎን ማንም አይፈልግም። ቁጥር ነው የሚፈልጉት። ቀን ከሌት የዓለምን አድራሻ በተራ እያንኳኩ "3389 ክፍት ነው?" የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሲከፈት የይለፍ ቃል በሺ እየገመቱ ይሞክራሉ። አንዳንዴ የይለፍ ቃልም አያስፈልጋቸውም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ የይለፍ ቃል ሳይጠየቁ መግባት የሚያስችል። ማይክሮሶፍት በጣም ደንግጦ፣ ድጋፉ በ2006 ዓ.ም. ላበቃው ለዊንዶውስ ኤክስ ፒ እንኳ ማስተካከያ አወጣ። የመጋዘኑ ኮምፒዩተር ምን ላይ ነው የሚሠራው?

ሀጂ፦ ሰቨን።

ባለሙያዋ፦ የዊንዶውስ ሰቨን ድጋፍ ጥር 2012 ላይ ቆሟል። የዊንዶውስ አስርም ጥቅምት 2018 ላይ ቆሟል። እዚህ አገር ፒችትሪ የተጫነበት ኮምፒዩተር እስካልሞተ ድረስ አይነካም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሒሳቡ እንዳይጠፋ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ማሽን ለዓለም ፊቱን መስጠት የለበትም። ገብተው ፋይሉን ሁሉ ቆልፈው "ክፈል" ይሉዎታል። የዓመት ሒሳብ፣ የገበሬው የብድር መዝገብ፣ ሁሉም።

ሀጂ፦ አስጠንቅቀሽ ጨረስሽ። አሁን መፍትሔውን ንገሪኝ።

ባለሙያዋ፦ መፍትሔው አቅጣጫውን መቀየር ነው። ከውጭ ማንኳኳቱን እንተወው። ከውስጥ የወጣ ይመለሳል ብዬ አልነበር? የቤትዎ ማሽን ራሱ ይውጣ፤ ስልክዎም አዲስ አበባ ሆኖ ይውጣ፤ ውጭ ላይ ይገናኙ። ሁለቱም በረኞች ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚያዩት ከውስጥ የወጣ ሰው ሲመለስ ነው። ዋየርጋርድ የሚባል የምስጠራ መንገድ አለ፤ ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ተካትቶ ይመጣል። በእሱ ላይ የተሠሩ እንደ ቴይልስኬል ያሉ አገልግሎቶች ማሽኖቹን ያስተዋውቃሉ። ከተዋወቁ በኋላ ወሬው በሁለቱ መካከል ነው፣ ተመስጥሮ። ቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ በአስተላላፊ ያልፋል፤ አስተላላፊውም ውስጡን አያነብም።

ሀጂ፦ ቆይ ቆይ። አሁንም መሐል ላይ ድርጅት ገባ። ኤኒዴስክን እንዲህ ብለሽ አልነበር የነቀፍሽው?

ባለሙያዋ፦ ልክ ነዎት፣ ከዚህ ሙሉ በሙሉ ማምለጥ አይቻልም። ልዩነቱ መሐል ያለው ምን ይይዛል የሚለው ነው። እዚህ የሚያዙት የስም ዝርዝርና ለሁሉም የሚታየው ቁልፍ ናቸው። የሚፈታው ቁልፍ የሚወለደውም የሚቀመጠውም ማሽንዎ ውስጥ ነው። እና ሌላ ጥቅም አለ፤ ይህ መንገድ ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ምን እንደሚሄድ እርስዎ ይወስናሉ። ሪሞት ዴስክቶፕም ሊሆን ይችላል፣ ፋይል መጎተትም፣ ካሜራ ማየትም።

ሀጂ፦ በሦስቱም ላይ ይጫናል ማለት ነው?

ባለሙያዋ፦ ይቻላል፣ ግን እኔ እንዲያ አላደርግም። ያ ማንም የማይነካው ላፕቶፕ የት አለ?

ሀጂ፦ እሱ ምን ይሠራል? ከዘገየ ቆይቷል፤ ፌስቡክ እንኳ መክፈት አቅቶታል።

ባለሙያዋ፦ ለእኔ ሥራ ይበቃል። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?

ሀጂ፦ አንድ ሰዓት ቢይዝ ነው።

ባለሙያዋ፦ አንድ ሰዓት ብዙ ነው! መብራት እልም ሲል መጋዘኑ ያለው ኮምፒዩተር ወዲያው ይሞታል፤ ላፕቶፑ ግን አይነቃነቅም። ስለዚህ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ እጭንበታለሁ፣ ክዳኑ ቢዘጋም እንዳይተኛ አደርገዋለሁ፣ ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኘዋለሁ። ዋይፋይ አይደለም፣ ገመድ። እሱ የቤቱ መውጫ ይሆናል። ከቤቱ ማሽኖች ቴይልስኬል እሱ ላይ ብቻ ይጫናል፣ የቀሩትን በእሱ በኩል እንደርስባቸዋለን። የካሜራው ሳጥን ምንም ሳይጫንበት ይታያል፣ ሰቨኑም ከኢንተርኔት ጋር ምንም ጉዳይ አይኖረውም። የሚጠበቀው አንድ በር ብቻ ይሆናል። ባትሪው ግን ሌት ተቀን ቻርጅ ላይ ሲውል ሊያብጥ ይችላል፤ ሙሉውን እንዳይሞላ 80 ከመቶ ላይ ማስቆም የሚፈቅድ ከሆነ አስቆመዋለሁ፣ አልፎ አልፎም ገልብጣችሁ ታዩታላችሁ።

ሀጂ፦ ራውተሩስ? መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል እኮ።

ባለሙያዋ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ላፕቶፑን አስቦ ራውተሩን ይረሳል። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ አለ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ። እሱን እንገዛለን። የክረምቱ መብረቅም አለ፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ገመዱን ነቅሎ መተው ከማንኛውም መከላከያ ይበልጣል።

ሀጂ፦ እሺ፣ ላፕቶፑ ቆየ እንበል። መጋዘኑ ያለው መብራት ሲጠፋ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ማን ያበራዋል? እኔ አዲስ አበባ ነኝ።

ባለሙያዋ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ባዮስ በሚባለው የኮምፒዩተሩ መነሻ ቅንብር ውስጥ "መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሳ" የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ማብራት። ሁለተኛው በኔትወርክ መቀስቀስ ነው። የተኛው ኮምፒዩተር የኔትወርክ ካርዱ አይተኛም፣ ጆሮው ክፍት ነው። 255 የሚለውን ቁጥር 6 ጊዜ፣ ከዚያ ማክ አድራሻ የሚባለውን የካርዱን መለያ ቁጥር 16 ጊዜ ተደጋግሞ ሲሰማ "እኔን ነው" ብሎ ይነሳል። ጠቅላላው 102 ባይት ነው፤ ከአጭር የጽሑፍ መልእክት አይበልጥም። ነገር ግን ይህ ጥሪ በአብዛኛው ከግቢ ውጭ አይሻገርም። ከአዲስ አበባ ቢጣሩ አይሰማም። ላፕቶፑ ግን ውስጥ ነው፤ እርስዎ ለእሱ ይነግሩታል፣ እሱ ይጣራል።

ሀጂ፦ ማሻ አላህ። አሮጌው ላፕቶፕ ሹም ሆነ በይኝ።

ባለሙያዋ፦ ሹመቱ ደግሞ ጊዜ ያልፍበታል፤ ይህን ልብ ይበሉ። ቴይልስኬል በነባሪው የእያንዳንዱ ማሽን ቁልፍ በ180 ቀን እንዲያበቃ ያደርጋል። ለስልክና ለሰው ላፕቶፕ ጥሩ ነው። ለዚህ ግን ስድስት ወር ሲሞላው እርስዎ አዲስ አበባ እያሉ ድንገት ይጠፋል፣ ለማደስም ሸኪ ድረስ መምጣት ሊኖርብዎ ነው። ለእሱ ብቻ ይህን እናጠፋዋለን፤ ለሌሎቹ እንተወዋለን።

ሀጂ፦ ዳታውስ? ስክሪን ከሸኪ አዲስ አበባ ሲጓዝ ጥቅሉን አይጨርሰውም?

ባለሙያዋ፦ ሪሞት ዴስክቶፕ እንደ ቪዲዮ አይደለም፤ የሚልከው የተለወጠውን ነው። ፒችትሪ ውስጥ ቁጥር እያዩ ከሆነ ብዙም አይበላም። የጀርባውን ሥዕል ማጥፋት፣ ቀለሙን መቀነስ ነው። ከባዱ ካሜራው ነው፤ እሱን ሲያስፈልግ ብቻ፣ በዝቅተኛ ጥራት። ደግሞ አንድ ቁጥር ለማወቅ ስክሪን መክፈትም የለብዎትም፤ በየማታው የመጋዘኑን ቀሪ የያዘ ፋይል ወደ ስልክዎ እንዲመጣ ማድረግ እችላለሁ። ላኪው ሲጠይቅዎ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም መልሱ ኪስዎ ውስጥ ነው። አንድ ሌላ ነገር፦ የዊንዶውስ ሆም ዕትም ሪሞት ዴስክቶፕ አይቀበልም፣ ፕሮ ነው የሚቀበለው። የልጅዎ ኮምፒዩተር ሆም ከሆነ ለእሱ ቪ ኤን ሲ የሚባለውን ሌላ የርቀት ፕሮግራም እጭናለሁ።

ሀጂ፦ ኔትወርክ ካነሳሽ አይቀር። ሰኔ 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔቱ በአገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል እንዴት እንደነበርን ታስታውሻለሽ። ያኔ ይህ ሁሉ ምን ሊፈይድ ነው?

ባለሙያዋ፦ ከውጭ ምንም አይፈይድም። ግን ይህ ነው ሒሳቡን ቤት ውስጥ ለማቆየት ትልቁ ምክንያት። አንዳንድ ሰው "ሁሉንም ደመና ላይ ስቀሉት፣ ከየትም ትከፍቱታላችሁ" ይላል። እውነት ነው፤ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ። ኢንተርኔት ሲቆረጥ ደመና ላይ የሰቀለው ሰው ራሱ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ሒሳቡን ማየት አይችልም። የእርስዎ ግን ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ቤት ውስጥ አራቱም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፣ ጸሐፊው ቡና እየመዘነ ይመዘግባል። የተቋረጠው የእርስዎ መንገድ ብቻ ነው። ሥራው ቤት፣ መንገዱ ጭማሪ። አቀማመጡ እንዲህ ሲሆን ነው የሚበጀው። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ በየማታው የፒችትሪው ቅጂ ይቀመጣል፣ በየሳምንቱ በፍላሽ አንድ ቅጂ ከቤት ይወጣል።

ሀጂ፦ መንግሥትም እኮ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ነበር፤ ወረዳውን በሳተላይት ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኛል የተባለው።

ባለሙያዋ፦ ወረዳኔት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተዘረጋ ነው፤ የቪዲዮ ስብሰባ፣ መልእክት፣ ስልክ በአንድ መረብ። ትልቅ ሥራ ነበር። ግን እሱ የተሳለው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ መሐሉ ይጠራል፣ ወረዳው ይቀመጣል። የእኛ የሚጀምረው ከዳር ነው። ሸኪ ያለው ቤት ራሱ ይወጣል፣ ማን እንደሚገባም እሱ ይወስናል።

ሀጂ፦ እዚህ ላይ ልያዝሽ። "እሱ ይወስናል" አልሽ። ማን ነው እሱ? ላፕቶፑ ነው? አንቺ ነሽ? እኔ ነኝ?

ባለሙያዋ፦ እርስዎ ነዎት።

ሀጂ፦ እስቲ እንይ። ይህ የስም ዝርዝር የሚቀመጥበት አካውንት በማን ኢሜይል ነው የሚከፈተው?

ባለሙያዋ፦ ብዙ ባለሙያ በራሱ ይከፍተዋል። ይፈጥናል። ደንበኛው ኢሜይል የለውም ወይም የይለፍ ቃሉን ረስቶታል።

ሀጂ፦ አየሽ! እንግዲያው ባለሙያው ሲጣላኝ፣ ወይም አገር ጥሎ ሲሄድ ቤቴ የእሱ ነው። መኪና በሰው ስም እንደማስመዝገብ ማለት ነው። አንቺን አላምንም ማለቴ አይደለም፣ የእህቴ ልጅ ነሽ። ግን ስርዓቱ ዘመድ በመሆንሽ ላይ መቆም የለበትም።

ባለሙያዋ፦ ትክክል ነው፤ ይህ የሙያችን አንዱ ጉድ ነው። በእርስዎ ኢሜይል ይከፈታል። በስልክዎ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ይደረግበታል። ስልክዎ ከጠፋ የሚያድኑት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ተጽፈው የመሬት ካርታዎ ከሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣሉ። እኔ እንደ እንግዳ እጨመራለሁ፣ ሥራው ሲያልቅ እወጣለሁ።

ሀጂ፦ የሒሳብ ሠራተኛውስ?

ባለሙያዋ፦ ለእሱ የራሱ መግቢያ ይሰጠዋል፣ ወደ መጋዘኑ ኮምፒዩተር ብቻ። ደንቡ ላይ "ይህ ሰው እዚህ አድራሻ፣ በዚህ ፖርት" ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ማየት አይችልም። ሲለቅ ስሙን መሰረዝ ብቻ ነው፣ የማንም የይለፍ ቃል አይቀየርም። ዛሬ ሁላችሁም በአንድ የይለፍ ቃል ነው የምትገቡት አይደል?

ሀጂ፦ የልጁ ስምና 123።

ባለሙያዋ፦ ከዛሬ በኋላ አይሆንም። በሕግም ቢሆን መለየቱ ይጠቅማል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። "ከፈቃድ አልፎ" የሚለውን ልብ ይበሉ። ፈቃዱ እስከ የት እንደሆነ ካልተጻፈ ማለፉ እንዴት ይታወቃል? ስለዚህ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ያለዎት ውል ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ የትኛውን ማሽን፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ።

ሀጂ፦ ካሜራውንስ? ልጆቼ "እኛም እንይ" እያሉ ነው።

ባለሙያዋ፦ የካሜራው ሳጥን የይለፍ ቃል ከፋብሪካ የመጣው ነው?

ሀጂ፦ የገጠመው ሰው እንዳለ ነው የተወው።

ባለሙያዋ፦ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም የአሜሪካንና የአውሮፓን ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት አንበርክኮ ነበር። የተጠቀመው ምን ይመስልዎታል? እንዲህ ያሉ ካሜራዎችንና የካሜራ ሳጥኖችን። የያዘው ከፋብሪካ የመጡ 60 ገደማ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች ነበር፤ እነሱን እየሞከረ ገባ። ባለቤቶቹ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ካሜራው ይሠራ ነበርና። ስለዚህ ዛሬውኑ እንቀይረዋለን፣ ሳጥኑም በቀጥታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ራውተሩ ላይ እከለክለዋለሁ።

ሀጂ፦ በይ በይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አሁን ቅደም ተከተሉን ንገሪኝ። ከምን ትጀምሪያለሽ?

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ የፒችትሪውን ሙሉ ቅጂ አወጣለሁ፤ ያ ሳይሆን ምንም አልነካም። ሁለተኛ፣ ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን ቋሚ የውስጥ አድራሻ እሰጣለሁ፤ አለበለዚያ ዛሬ 20 የነበረው ነገ 23 ይሆንና መንገዱ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ላፕቶፑ። አራተኛ፣ በእርስዎ ኢሜይል አካውንቱ። አምስተኛ፣ ሙከራ። ሙከራው ላይ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ስልክዎ የቤቱን ዋይፋይ ይዞ "ሠራ!" ቢል እንዳያምኑት። ውስጥ ሆኖ ከውጭ መግባት አይፈተንም። ዋይፋዩን አጥፍተን፣ በሞባይል ዳታ፣ ቢቻል ከግቢው ወጥተን ነው።

ሀጂ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔም ጅማ ሄጄ፣ አውቶቡስ ተራ ቁጭ ብዬ ነው የምፈትነው።

ባለሙያዋ፦ ይሁን። መብራቱንም አብረን እናጥፋው፤ ቆጣሪውን ዝቅ አድርጎ አምስት ደቂቃ ጠብቆ መመለስ። ሁሉም በራሱ ከተነሳ ሥራው አልቋል።

ሀጂ፦ አላለቀም። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር አሳዪኝ። የመክፈቱን እንዴት እንደምታሳዪኝ አውቃለሁ፣ ሁሉም ሻጭ እሱን ነው የሚያሳየው። እኔ መዝጋቱን ነው የምፈልገው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ "ሰው ገብቷል" ብዬ ብጠረጥር፣ አንቺ ስልክሽን ብታጠፊ፣ ምን አደርጋለሁ?

ባለሙያዋ፦ ሦስት ደረጃ አለው። አንድ ሰው ከሆነ የጠረጠሩት፣ ስልክዎ ላይ የስም ዝርዝሩን ከፍተው እሱን መሰረዝ፤ ያንኑ ሰዓት ይወጣል። ማን እንደሆነ ካላወቁ ላፕቶፑን ከዝርዝሩ ማውጣት፤ የውጭ መንገድ በሙሉ ይዘጋል። ስልክዎ ላይ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ቤት ደውለው ልጁን "የላፕቶፑን ገመድ ከራውተሩ ንቀለው" ማለት ነው። ውጭው ሁሉ ይጠፋል፣ የመጋዘኑ ሒሳብ ግን አይቆምም፤ ጸሐፊው ጠዋት መጥቶ እንደ ወትሮው ይሠራል።

ሀጂ፦ ይህን ነበር መስማት የፈለግኩት። ሥራዬ ሳይቆም መዝጋት ከቻልኩ፣ መክፈቱ አያስፈራኝም። ገመዱ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዪበት፣ ልጁ እንዳይሳሳት። ለሒሳብ ሠራተኛው የመጋዘኑን ስጪው፣ ለልጆቼ የደብዳቤውን። ካሜራውን ለጊዜው ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ። በይ ቡናሽን ጠጪና ከቅጂው ጀምሪ።